ዳገቱ በላብ፣ ቁልቁለቱ በበረዶ፦ ጋቪያ 1988 እንደ ልብስ ምርጫ ጉዳይ ጥናት

በብርድና በዝናብ ተራራ ላይ ብስክሌት ለመንዳት ምን ልልበስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ የዕቃ ዝርዝር ነው። እንዲህ ዓይነት ጃኬት፣ እንዲያ ዓይነት ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ። ዝርዝሩ ክፋት የለውም። ግን ውድ ጃኬት ለብሰው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ተራ ልብስ ለብሰው ደህና የሚገቡም አሉ። ልዩነቱ ያለው መቼ እንደለበሱ፣ መቼ እንዳወለቁና ደረቁን የት እንዳስቀመጡ ላይ ነው። በእኔ እምነት ይህን በጣሊያኑ የጋቪያ ተራራ ላይ ከተደረገው የብስክሌት ውድድር በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ የለም።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1988 ነው። ጂሮ ዲ ኢታሊያ የሚባለው የጣሊያን የብዙ ቀናት ብስክሌት ውድድር 14ኛ ምዕራፍ፣ ማለትም የአንድ ቀን ጉዞ። ብስክሌተኞቹ በሰሜን ጣሊያን ከኪየዛ ኢን ቫልማሌንኮ ተነስተው ቦርሚዮ ይገባሉ። ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጂሮ አጭር የሚባል። ነገር ግን መንገዱ የጋቪያን መተላለፊያ ያቋርጣል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,621 ሜትር ነው። ከፖንቴ ዲ ሌኞ ወደ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት አለው። አንዳንድ ቦታ 16 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ቦርሚዮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው።

ብስክሌቶቹ የእሽቅድምድም ናቸው እንጂ ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) አይደሉም። መንገዱ ግን በዚያን ጊዜ በከፊል አስፋልት አልነበረውም። ከታች ዝናብ፣ ከላይ በረዶ፣ ከጎማ ሥር ጭቃ። ክረምት ላይ ማውንቴን ይዞ የሚወጣ ሰው የሚገጥመው ነገር ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ነበር።

የአየሩን ነገር በቁጥር እንየው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ፖንቴ ዲ ሌኞ 1,258 ሜትር ላይ ናት። ከእሷ እስከ ጫፉ 1,360 ሜትር ገደማ መውጣት ማለት ወደ 9 ዲግሪ መቀዝቀዝ ማለት ነው። ከታች በ7 ዲግሪ የሚወርድ ዝናብ ከላይ በረዶ ይሆናል። ከቤታችሁ ስትወጡ የምታዩት ሰማይና ጫፉ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰማይ የተለያዩ ናቸው። የዚያን ቀን አዘጋጁ ቪንቼንዞ ቶሪያኒ ይህን እያወቀ ውድድሩ እንዲቀጥል ወሰነ።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ሰቨን ኢለቨን የሚባል የአሜሪካ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ኒል፣ ሥራ አስኪያጁ ጂም ኦቾዊች፣ የቡድኑ ተስፋ ደግሞ የ26 ዓመቱ አንዲ ሃምፕስተን። የቡድኑ ሰዎች ጋቪያ ላይ በረዶ መኖሩን ሲሰሙ የስኪ ዕቃ ወደሚሸጡ ሱቆች ሄዱ። ወፍራም ጓንት፣ ኮፍያ፣ የሚያሞቅ ነገር የተባለ ሁሉ ገዙ። የገዙትን ለጠዋት አላደሉትም። በከረጢት አድርገው፣ ትኩስ ሻይ ጨምረው፣ ወደ ጫፉ አጠገብ ወሰዱት።

እኔን የሚገርመኝ ግዢው አይደለም። ጓንት ማንም ይገዛል። የሚደነቀው ከረጢቱን የት ቦታ ላይ እንደሚሰጡ ማወቃቸው ነው። ከዳገቱ ሥር ቢሰጡት ኖሮ ልብሱ ጫፍ ሲደርስ በላብና በዝናብ በስብሶ ነበር። ቁልቁለቱ ከተጀመረ በኋላ ቢሰጡትም የደነዘዘ እጅ ዚፕ አይዘጋም። ልብሱ ጥቅም ላይ የሚውልባት ጊዜ በጣም ጠባብ ናት። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሰውነት ገና ሙቀት እያመነጨ፣ ጣት ገና እየታዘዘ።

ሃምፕስተን ዳገቱን ሲጀምር ተሸፋፍኖ አልነበረም። ገላውን ላኖሊን ተቀብቷል። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት ነው። ሙቀት አይፈጥርም፤ ይህን ልብ በሉ። ሥራው ውኃ ቆዳውን እንዳያገኘው መከላከል ብቻ ነው። ከሥር የለበሰው የፖሊፕሮፒሊን ካናቴራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ውኃ አይመጥጥም ማለት ይቻላል። እጁ ላይ ደግሞ ባሕር ጠላቂዎች የሚያደርጉትን፣ ኒዮፕሪን ከሚባል አረፋማ ጎማ የተሠራ ጓንት አጥልቋል።

ለምን እንዲህ ቀለል ብሎ ወጣ? ምክንያቱም ዳገት ላይ ሰውነት ምድጃ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚቀይረው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፔዳሉ ላይ 250 ዋት የሚያሳርፍ ሰው ሰውነቱ 800 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። በዚያ ላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ቆልፎ መውጣት ራስን በላብ መዝፈቅ ነው። ከውጭ ዝናቡን ከለከላችሁ፤ ከውስጥ ግን ራሳችሁ አዘነባችሁ።

አንድ ሃምፕስተን ራሱ የተረከው ነገር አለ። ወደ ላይ ሲጠጋ ኮፍያ ሊያደርግ ፈለገ። መጀመሪያ ፀጉሩ ላይ ያለውን ውኃ ላራግፍ ብሎ በእጁ ጠረግ አደረገው። የወረደው ውኃ ሳይሆን የበረዶ ክምር ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ያን ያህል በረዶ ተሸክሞ ሲወጣ አላወቀውም። ዳገት ብርዱን ይደብቃል። ዳገት ላይ ሆናችሁ "ደህና ነኝ፣ አልበረደኝም" የምትሉት የአሁኑን ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይነግራችሁም።

ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚሆነው ይህ ነው። ጫፉን አልፋችሁ ፔዳል መምታት ታቆማላችሁ። ያ 800 ዋት ይጠፋል። ያረፈ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ነው፤ ዝም ብሎ የሚንሸራተት ሰውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በተመሳሳይ ጊዜ ነፋሱ ይበረታል። አየሩ 0 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ቆዳችሁ ላይ የሚሰማው ወደ 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። በዚያው አየር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ 8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሆናል። ይህም ለደረቅ ቆዳ ነው። እርጥብ ከሆናችሁ ከዚያ ይብሳል።

የእርጥበቱ ሂሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ካናቴራችሁ ውስጥ 100 ግራም ላብ ቀርቷል እንበል። ያ ላብ ለመትነን 240 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ቁጭ ያለ ሰው ሰውነት ያን ያህል ሙቀት ለማመንጨት 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። 100 ግራም ማለት ግማሽ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ውኃ ነው። ጥጥ ካናቴራ ለብሶ ዳገት የወጣ ሰው ከዚያ በላይ ተሸክሞ ነው ጫፍ የሚደርሰው። ለዚህ ነው በጥጥ ላይ ምንም ድርድር የማላደርገው። ጥጥ ውኃውን ይመጥጥና ቆዳ ላይ ለጥፎ ያስቀምጠዋል። ሱፍም ውኃ ይመጥጣል፤ እንዲያውም የክብደቱን 30 በመቶ ድረስ። ግን እስከዚያ ድረስ እርጥበቱ ብዙም አይሰማም። ረጅምና ቀስ ያለ ጉዞ ከሆነ ሱፍ እመርጣለሁ። ጠንከር ያለ ዳገት ያለበት ከሆነ ቶሎ የሚደርቀው ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሻላል።

ጋቪያ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ጫፉን ያለፈው ሃምፕስተን አልነበረም። ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ ነው። የነጥብ ፉክክሩን መሪ ማሊያ ለብሷል፤ እጅጌው አጭር ነው። ዳገቱ ላይ ጠንካራው ሰው እሱ ነበር። ቁልቁለቱ ግን ወዲያው ያዘው። ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ መቀጠል አልቻለም። ቆመ፣ መጠለያ ገባ፣ ሙቀት ፈለገ። ቦርሚዮ የገባው ከአሸናፊው 47 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው።

ምዕራፉን ሌላው ሆላንዳዊ ኤሪክ ብሮይኪንክ አሸነፈ። ሃምፕስተን በ7 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ፤ የጠቅላላ ውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ሮዝ ማሊያ ግን ወሰደ። ማሊያውን ይዞ የነበረው ፍራንኮ ኪዮቾሊ ከ5 ደቂቃ በላይ ኋላ ቀርቷል። ሃምፕስተን ማሊያውን እስከ መጨረሻው ጠብቆ ጂሮን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ።

ልብስ ብቻ ጂሮ አያሸንፍም። እግር ያስፈልጋል። ግን የቫን ደር ቬልደን 47 ደቂቃ በእግር ድካም ማስረዳት አይቻልም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከሁሉም ይበልጥ የነበረ ሰው ነው።

አሁን ይህን ወደ ማውንቴን እናምጣው። አንዳንዱ እንዳለ ይሠራል፤ አንዳንዱ መስተካከል አለበት።

ፍጥነቱ ይለያል። ማውንቴን ቁልቁለት ላይ በዛፍ ሥርና በድንጋይ መሀል ሲወርድ ብዙ ጊዜ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አይሄድም። ሰውነትም ሥራ አይፈታም፤ ክንድ፣ ጀርባና ጭን ይሠራሉ። ስለዚህ ነፋሱ ቀለል ይላል፣ ሙቀቱም ትንሽ ይተርፋል። በሌላ በኩል ዳገቱ ላይ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነፋስ አያገኛችሁም፤ ላቡ ይብሳል። መቆምም ይበዛል። ጎማ ይፈነዳል፣ ጓደኛ ይጠበቃል፣ መንገድ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫፍ ላይ ከረጢት ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከረጢቱን ራሳችሁ ነው የምትሸከሙት።

እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእጅ ነው። የሃምፕስተንን ጓንት ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ሰውነት ሲበርደው ልብንና ሳንባን ለማዳን ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጣት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ማውንቴን ላይ ፍሬን የሚያዘው ብዙ ጊዜ በአንድ ጣት፣ በሌባ ጣት ነው። የደነዘዘ ሌባ ጣት ፍሬኑን ምን ያህል እንደያዘ አያውቅም። ወይ ይለቀዋል ወይ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ የፊት ጎማ ተቆለፈ ማለት ደግሞ ወደቃችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጓንት የምቾት ዕቃ አይደለም። የፍሬኑ አካል ነው።

ኒዮፕሪን ጥሩ የሆነው ውኃ ስለማያስገባ አይደለም። በውስጡ በተያዙት የአየር አረፋዎች ምክንያት ረጥቦም ያሞቃል። ውኃ አያስገባም የተባለ ወፍራም ጓንት ግን በእጅ አንጓ በኩል አንዴ ውኃ ከገባው ውኃው መውጫ የለውም። ሲያወልቁት ውስጡ ተገልብጦ ይወጣል፤ እርጥብ እጅ መልሶ አይገባበትም። ይህን ቤት ውስጥ ሞክሩት። እጃችሁን አርጥቡና ጓንቱን ለማጥለቅ ታገሉ። ካስቸገራችሁ ተራራ ላይ ጨርሶ አይገባም። ለእኔ የተሻለው መላ ሁለት ጥንድ ነው። ለዳገቱ ቀጭኑ፣ ለቁልቁለቱ ወፍራሙ። ወፍራሙ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ደረቅ እንደሆነ ጫፍ ይደርሳል። በጣም ወፍራሙን አትግዙ። ጣት መታጠፍ ካልቻለ፣ መሪውን ለመያዝ ክንድ ይደክማል።

ጃኬት ላይ ሰዎች በቁጥር ይጣላሉ። 10,000 ሚሊ ሜትር፣ 20,000 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ጨርቁ ምን ያህል የውኃ ግፊት እንደሚቋቋም ይናገራል። ከፍ ያለው በተለይ የቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ በሚጫንበት ቦታ ይጠቅማል። ስለ ላቡ ግን ያ ቁጥር ዝም ይላል። ላብ በጨርቁ አልፎ የሚወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጩ ደረቅ ሲሆን ነው። ዝናብ ላይ ውጩ ደረቅ አይደለም። የላይኛው ጨርቅ ውኃ ማንጠባጠብ ትቶ መምጠጥ ከጀመረ ደግሞ መተንፈሱ ይዳከማል። ያኔ ሰዎች "ጃኬቴ ውኃ ያስገባል" ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ያረጠባቸው የራሳቸው ላብ ነው። ስለዚህ ለማውንቴን ጃኬት ስትመርጡ ከቁጥሩ በፊት ዚፑን እዩ። ብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ አለው? ጓንት እንዳጠለቃችሁ ይከፈታል? ጎንበስ ስትሉ ጀርባው ይሸፍናል? በወፍራም ሹራብ ላይ ይገባል? የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ጫፍ ላይ የሚለበስ ጃኬት ሌላ ልብስ ላይ ነውና የሚደረበው ሰፋ ማለት አለበት። ጭቃውን ሳታጥቡ ወራት አታቆዩት። ታጥቦ፣ የሚያንጠባጥበው ቅባት ሲታደስ አዲስ ይመስላል።

ከወገብ በታች ውኃው የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከጎማ ነው። የኋላ ጎማ ቂጥ ላይ፣ የፊት ጎማ ፊትና እግር ላይ ይረጫል። ትንሽ ፓራፋንጎ ብዙ ልብስ ይተካል፤ ዋጋውም ኢምንት ነው። ከዚያ በላይ ውኃ የማያስገባ ቁምጣ ከጉልበት መከላከያ ጋር ለብዙ ክረምት ይበቃል። መቀመጫው ይደርቃል፣ ጉልበት ይሞቃል፣ ጭን ይተነፍሳል። ሙሉ ሱሪ የምመርጠው አየሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። ሱሪው ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ከታች መጥበብ አለበት።

እግር ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ውኃ የማያስገባ ጫማ በላይ በኩል ክፍት ነው። ውኃው በእግር ወርዶ ይገባና እዚያው ይቀራል። ሱሪው ወይም የጫማው ሽፋን ቁርጭምጭሚትን መዝጋት አለበት። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማ ማጥበቅ ደግሞ ብርዱን ይጨምራል፤ ደም አይዘዋወርምና።

እንግዲህ የሃምፕስተንን ቀን ያለ ቡድን እንዴት እንደግመዋለን? ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ እያላችሁ ተነሱ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ትሞቃላችሁ። ከተነሳችሁ ጀምሮ ከሞቃችሁ ብዙ ለብሳችኋል። ቦርሳ ውስጥ በደንብ በታሰረ ፕላስቲክ ወፍራሙ ጓንት፣ ሄልሜት ሥር የሚገባ ስስ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ ደረቅ ካናቴራና ሹራብ ይግባ። ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ። ትንሽ ፔርሙዝ ሻይ ካለ ጥሩ ነው። ሻዩ ራሱ የሚሰጠው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ስኳሩና ጽዋው እጅ ላይ መያዙ ግን ሥራ ይሠራል።

ጫፍ ስትደርሱ እይታውን ከማየታችሁ፣ ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ልበሱ። ዛፍ ወይም ድንጋይ ከለላ ፈልጉ። እርጥቡን ካናቴራ ለማውለቅ ድፍረት ይጠይቃል። ለ30 ሰከንድ ያርበደብዳል። ከዚያ ደረቁ ሲገባ የሚሰማችሁን ነገር ማንም መግለጽ አያስፈልገውም። ቅደም ተከተሉም ይጠቅማል። መጀመሪያ ካናቴራና ሹራብ፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ በመጨረሻ ጓንት። ጓንት ቀድሞ ከገባ ዚፑ አይዘጋም።

ስለ ቫን ደር ቬልደ አንድ ነገር ይቀራል። መቆሙ ትክክል ነበር። 47 ደቂቃው ተቆጥሮበታል፤ ግን በሁለት እግሩ ቦርሚዮ ገብቷል። የውስጥ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቀጥሎ እጅ ዕቃ መያዝ ያቅተዋል፣ ንግግር ይንተባተባል፣ ሰውየው ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። ጓደኛችሁ ከዚህ አንዱን ካሳየ "ትንሽ ነው የቀረን፣ እንውረድ" አትበሉት። ከነፋስ አውጡት፣ እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ መሬቱ ላይ ሳይሆን ቦርሳ ላይ አስቀምጡት። መዋጥ ከቻለ ጣፋጭና ሙቅ ነገር ስጡት፤ አልኮል አይሆንም፣ የቆዳውን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀቱን ያስወጣዋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ ወይም ከተምታታበት ብስክሌቱ እዚያው ይቅር፤ እርዳታ ጠይቁ።